የሚወረስ ጋዜጣ

በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው ባቡር ኤቭሊን ዎ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ ተሳፍሮ ነበር። ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦሯን እያከማቸች ስለነበር የለንደን ጋዜጦች እስክሪብቶ መያዝ የሚችለውን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ያጎርፉ ነበር። ዎን የላከው «ዴይሊ ሜይል» ነው። ባቡሩ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ድሬዳዋን አልፎ፣ የአዋሽን ገደል በድልድዩ ተሻግሮ፣ በአዋሽ ጣቢያ አለፈ።

«ዴይሊ ሜይል»ን እ.ኤ.አ. በ1896 ያቋቋሙት አልፍሬድ እና ሃሮልድ ሃርምስወርዝ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። አልፍሬድ ሲሞት ሃሮልድ ያዘው፤ ከሃሮልድ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ልጅ ልጁ እያለ ጋዜጣው ከ125 ዓመት በኋላም በዚያው ቤተሰብ እጅ ይገኛል። በአዋሽ ሸለቆ ያለፈ የቤተሰብ ዕለታዊ ጋዜጣ ካለ እንግዲህ ይኸው ነው፤ እሱም አላፊ መንገደኛ ነበር። ለዚያውም ደግ መንገደኛ አልነበረም። የወቅቱ ባለቤት ሃሮልድ፣ ማለትም ሎርድ ሮዘርሚር፣ የሙሶሊኒ አድናቂ ስለነበር ጋዜጣው በዚያ ጦርነት ያደላው ለወራሪው ነው። ዎ ራሱም ልቡ ወደ ጣሊያን ያዘነበለ ሰው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመው «ስኩፕ» በተባለው ልብ ወለዱ ግን የጋዜጣ ባለቤቶችንና ዘጋቢዎቻቸውን መሳቂያ አድርጓቸዋል።

በዚያው ሸለቆ ያሉት ከተሞች፣ አዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነች ሰመራ፣ አባት ጀምሮት ልጅ የተረከበው ዕለታዊ ጋዜጣ ኖሯቸው አያውቅም። ይህን ስል የእነሱን ጉድለት ብቻ መቁጠሬ አይደለም፤ አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ዕለታዊ የላትም። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው። ሱቅ ይወረሳል፣ ሆቴል ይወረሳል፣ በአዋሽ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ጋዜጣን ከእነዚህ የሚለየው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «መንግሥት ነዋ!» የሚል ነው። መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። መንግሥት እያሰረውም እየዘጋውም ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ጋዜጣ በዓለም ላይ ሞልቷል። የለንደኑን «ታይምስ» እንይ። መሥራቹ ጆን ዎልተር የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ነበር። ኋላ በመርከብ መድን ሥራ ገብቶ ከሰረ። ከዚያ አንድ አዲስ የአተቃተብ ዘዴ ገዛ፤ ፊደልን አንድ በአንድ ከመልቀም ይልቅ በአንድነት የተቀረጹ ሙሉ ቃላትን መደርደር የሚያስችል ነበር። ዘዴውን ለማስተዋወቅና ማተሚያውን ሥራ እንዳይፈታ ለማድረግ ሲል እ.ኤ.አ. በ1785 ጋዜጣ ጀመረ። መኪናው ቀድሞ ተተከለ፤ ጋዜጣው የመኪናው ልጅ ነው። ዎልተር የንጉሡን ልጆች ስም አጥፍተሃል ተብሎ ኒውጌት እስር ቤት ገባ፤ ጋዜጣው ግን ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1814 ስሙን የወረሰው ልጁ በእንፋሎት የሚሠራ ማተሚያ አስተከለና በሰዓት 1,100 ሉህ ማተም ጀመረ። አብላጫው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1908 እስኪሸጥ ድረስ ጋዜጣው በዎልተሮች እጅ ከ120 ዓመት በላይ ቆየ። የገዛው ያው የ«ዴይሊ ሜይሉ» አልፍሬድ ሃርምስወርዝ ነው።

አባት ታስሮ ጋዜጣው ለምን አልቆመም? መኪናው ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው። ሠራተኛው የሚገባው፣ ወረቀቱ የሚጫነው በቤተሰቡ ደጅ ነበር። ጋዜጣ በሐሳብ ደረጃ የጸሐፊ ሥራ ይመስላል፤ በውርስ ደረጃ ግን የአታሚ ሥራ ነው። ብዕር አይወረስም። የአባቱን ያህል የሚጽፍ ልጅ በየትውልዱ አይወለድም። መኪናና ደንበኛ ግን ይወረሳል።

በዚህ ዓይን የእኛን ታሪክ ስናየው ነገሩ ግልጽ እየሆነ ይመጣል። የባቡሩ መስመር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1909 ድረስ ወሰደ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። አዋሽ ጣቢያ ሆቴልና ምግብ ቤት የበቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው መስመር ግርጌ፣ አስቀድሞ ሐረር ውስጥ፣ አባ ማሪ በርናር የሚባሉ የካፑቺን ማኅበር ፈረንሳዊ ቄስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ይመሩ ነበር። ከመጠለያው ጋር ማተሚያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1900 በፈረንሳይኛ አንድ ሳምንታዊ ጽሑፍ ጀመሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ስሙ «ለ ሰመር ዴትዮፒ» ተባለ፤ «የኢትዮጵያ ዘሪ» እንደ ማለት ነው። ማተሚያው ኋላ በቅዱስ አልዓዛር ስም ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ማተሚያና ጋዜጣ በአንድ እጅ፣ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ! ጋዜጣ ለትውልድ የሚተላለፍበት ሁኔታ ሁሉ የተሟላ ይመስላል። የጎደለው ትንሽ ነገር ነው፦ መነኩሴ ልጅ የለውም።

በአዲስ አበባም ነገሩ በሌላ መልክ ያው ነበር። አንድሬያስ ካቫዲያስ የሚባል የግሪክ ተወላጅ በ1890ዎቹ ዓ.ም. አራት ገጽ ሳምንታዊ በአማርኛ ማዘጋጀት ሲጀምር ማተሚያ ስላልነበረው በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ነበር የሚሰራጨው። ኋላ ማባዣ መሣሪያ ሲገኝ 200 ደረሰ። አፄ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ «አእምሮ» ተቋረጠ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተቋረጠ። አሌክሲ ዴቫዥ የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 «ለ ኩሪዬ ዴትዮፒ»ን አቋቋመ፤ ማተሚያም ነበረው። ሃያ ሦስት ዓመት ሠራ። ነገር ግን በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ባቡር፣ በዚያው አዋሽ ጣቢያ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ያ ዘመን አበቃ፤ «ኩሪዬ»ም በዚያው ዓመት ቆመ። በቦታው ጣሊያኖች «ኮሪየሬ ዴል ኢምፔሮ»ን በየዕለቱ ያትሙ ጀመር። የአዲስ አበባ ሰው የዕለት ጋዜጣን ልማድ ያየው የወራሪ ልሳን ሆኖ መሆኑ ያሳዝናል።

ከነዚህ መካከል አንድ ለየት ያለ አለ። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1914 ዓ.ም. የራሳቸውን ማተሚያ አቋቋሙ። በታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ከዚያ ማተሚያ «ብርሃንና ሰላም» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጣ። ማተሚያውም ጋዜጣውም የራሳቸው ስለነበር፣ ትንሽ ቀልድ ከተፈቀደልኝ፣ በሀገራችን ታሪክ የቤተሰብ ጋዜጣ ለሚለው ስም የቀረበው ይኼ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ዘውድ የጫነ ቤተሰብ ነበር። የራስ ንብረት የነበረው ቀስ በቀስ የመንግሥት ሆነ። «አዲስ ዘመን» በግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲወለድ የመንግሥት ጋዜጣ ሆኖ ተወለደ፤ ዕለታዊ የሆነውም በ1951 ገደማ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም የሀገሪቱ ትልቁ የጋዜጣ ማተሚያ ሆኖ ቀረ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለኋላው ዘመን ትልቅ ጦስ አለው፤ እመለስበታለሁ።

እስከዚያው ወደ ናይጄሪያ እንሻገር፤ ምክንያቱም «አፍሪካ ውስጥ አይሆንም» የሚለውን ነገር የሚያፈርሰው ጋዜጣ እዚያ አለ። ለዚያውም ሌጎስ ሳይሆን ኢባዳን ነው፤ ማለትም ከወደብ ከተማው ርቆ በመሐል አገር። ጠበቃና ፖለቲከኛ የነበሩት ኦባፌሚ አዎሎዎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1949 «ናይጄሪያን ትሪቢዩን»ን እዚያ ጀመሩ። ጋዜጣው ከመጀመሪያው ወገን ነበረው። የአዎሎዎን ፓርቲ ይደግፋል፣ ተቀናቃኙን ይሸነቁጣል፤ ስለዚህም ንጹሕ የጋዜጠኝነት አርአያ አድርጌ አላቀርበውም። የሚገርመው መቆየቱ ነው። አዎሎዎ እ.ኤ.አ. በ1963 አሥር ዓመት ተፈርዶባቸው ወኅኒ ወረዱ፤ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የእሳቸው ባላንጣ የናምዲ አዚኪዌ «ዌስት አፍሪካን ፓይለት» በዘመኑ ከ«ትሪቢዩን» የገነነ ነበር፤ ዛሬ ግን የለም። «ትሪቢዩን» ግን አለ። በናይጄሪያ እስካሁን ከሚታተሙት የግል ጋዜጦች በዕድሜ አንጋፋው ነው።

ልዩነቱን ያመጣችው ሚስት ናት ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። ሐና ኢዶዉ አዎሎዎ ነጋዴ ነበረች። ጨርቅ ትሸጣለች። እ.ኤ.አ. በ1957 የናይጄሪያ ትምባሆ ኩባንያን ምርት በማከፋፈል የመጀመሪያዋ ናይጄሪያዊት ሆነች። ባሏ በፖለቲካ ሲወጣና ሲወድቅ የቤቱ ገንዘብ በፖለቲካ አልወደቀም። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያርፉ ሊቀ መንበርነቱን ይዛ ቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 መቶኛ ዓመቷን ልታከብር ሁለት ወር ያህል ሲቀራት እስካረፈችበት ቀን ድረስ የጋዜጣው የበላይ እሷ ነበረች። ከዚያም ወደ ልጇ ተላለፈ። ማተሚያው ኢባዳን ውስጥ የቤተሰቡ ነው፤ ለማስታወቂያ የሚከፍለው ነጋዴም እዚያው ኢባዳን ውስጥ ነው። የመንግሥት ቁጣ መጣ፣ ሄደ። እነዚህ ግን ባሉበት ቆዩ።

አሁን ወደ እኛው 1985 ዓ.ም. እንመለስ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 የግል ጋዜጣ ፈቀደ፤ ከዚያም የጋዜጣ ጎርፍ ሆነ። አራት ኪሎ ላይ መሬት ላይ የተዘረጋውን ጋዜጣ ተቀምጦ በሳንቲም ተከራይቶ የሚያነበውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ይህች ሀገር ጋዜጣ አትወድም ሊል አይችልም። (ኪራዩ ለአንባቢ ደግ፣ ለአሳታሚ ግን መርዝ ነበር። አንድ ቅጂ ሃያ ሰው ያነበዋል፣ የሚገዛው አዟሪው ብቻ ነው።) ጋዜጣ የሚጀምር ሰው በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ፈቃድ፣ አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ ኮምፒውተርና ለመጀመሪያው ሕትመት የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ማተሚያ መኪና አያስፈልገውም፤ ብርሃንና ሰላም ያትምለታል።

ይህ መጀመሩን አቀለለው፤ መቆየቱን ግን አከበደው። መኪናው የመንግሥት ሲሆን አሳታሚው ተከራይ ነው፤ ተከራይ ደግሞ ቤት አያወርስም። የወረቀት ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሕትመት ሒሳቡ ይጨምራል፤ አሳታሚው የጋዜጣውን ዋጋ ከመጨመር ወይም ገጽ ከመቀነስ ወይም ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለውም። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች አዲስ የውል ረቂቅ አቀረበ፤ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ ላለማተም መብት የሚሰጠው አንቀጽ ነበረበት። አሳታሚዎች ጮኹ። አታሚ ሆኖ አራሚም መሆን ይፈልጋል አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገርም አለ፦ ይህ ጭቅጭቅ በኢባዳን ሊነሣ አይችልም ነበር፤ አታሚውና አሳታሚው አንድ ቤተሰብ ናቸውና።

ከዚያ ዘመን ሁለት ጉዳዮችን ለይቼ ልንገራችሁ። አንደኛው በእርግጥ የቤተሰብ ጋዜጣ ነበር፤ የባልና የሚስት። እስክንድር ነጋ እና ሰርካለም ፋሲል በሰርካለም ስም የሚጠራ አሳታሚ ድርጅት ነበራቸው፤ «ምኒልክ»፣ «አስኳል» እና «ሳተናው» የሚወጡት ከዚያ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በ1998 ኅዳር ላይ ሁለቱም ታሰሩ። ሰርካለም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጃቸው የተወለደው እሷ እስር ላይ እያለች ነው። በ1999 ተፈቱ፤ ድርጅቱ ግን በፍርድ ቤት ተቀጥቶ ፈረሰ፤ ከዚያም አዲስ የሕትመት ፈቃድ አላገኙም። የዎልተርን ልጅ ያስታውሱታል? አባቱ እስር ቤት እያለም ሆነ ከወጣ በኋላ መኪናው ይዞራል። እዚህ ግን ባልና ሚስት ሲወጡ የሚመለሱበት መኪና የለም። የነበራቸው ፈቃድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተወሰደ። ልጅ ሊወርስ የሚችለው አንድም ነገር አልቀረም።

ሁለተኛው «አዲስ አድማስ» ነው። አሰፋ ጎሳዬ በ1992 ዓ.ም. የጀመረው ይህ የቅዳሜ ጋዜጣ ዕለታዊ አይደለም። ሆኖም መሥራቹ ገና በጎልማሳነቱ ሲያርፍ ጋዜጣው አብሮት አልተቀበረም፤ በቤተሰቡ እጅ ቆየ፣ ዓመት ከዓመት ወጣ። ለረዥም ጊዜ ዋና አዘጋጁ ገጣሚው ነቢይ መኮንን ነበር፤ በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው ነቢይ፤ በሰኔ 2016 አረፈ። በእኔ ግምት «አዲስ አድማስ»ን ያቆየው ፖለቲካውን ከባህልና ከሥነ ጽሑፍ ጋር ቀላቅሎ የቅዳሜ ልማድ መሆኑ ነው። ሰው ቁጣውን የሚገዛበት ጋዜጣ ቁጣው ሲበርድ ይሞታል፤ ልማዱን የሚገዛበት ግን ይሰነብታል። በሀገራችን የሚወረስ ጋዜጣ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

እስካሁን ያወራነው ስለ ማተሚያና ስለ ፈቃድ ነው። የከተማ ጋዜጣን ግን ከሁለቱም በላይ የሚያኖረው የከተማው የራሱ ገንዘብ ነው፤ አዋሽና ሰመራ ጉዳዩ የሚነካቸው እዚህ ላይ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ መገንጠያ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይሄዳል። ሌላው በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ ሰመራን አልፎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። የሀገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ሸለቆ ያልፋል። በመስከረም 2009 መጨረሻ ገደማ የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡርም በአዋሽ ያልፋል፤ ወደ ወልዲያ ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመር የሚነሣውም ከዚሁ ነው። ሰመራ ደግሞ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ቢሮዎች አሏት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት። ነጋዴ አለ፣ ሹፌር አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ባለሥልጣን አለ፤ የሚነገር ነገርም ሞልቷል። ታዲያ ጋዜጣ የሚያኖር ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል?

ገንዘቡ አለ፤ ግን ይሄዳል። የአንድ የክልል ቢሮ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የዩኒቨርሲቲ የግዥ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሐራጅ ሽያጭ፣ ክፍት የሥራ ቦታ፦ እነዚህ ሁሉ በሕግ፣ በመመሪያ ወይም በልማድ በጋዜጣ ይወጣሉ። የሚወጡትም በ«አዲስ ዘመን» ወይም ከአዲስ አበባ በሚታተም ሌላ ጋዜጣ ነው። የሰመራ ገንዘብ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ማስታወቂያው ታትሞ በአውቶቡስ ተመልሶ ይመጣል። የጋዜጣን የኋላ ገጾች የሚያነብ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጨረታ ለአንባቢ አሰልቺ ነው፤ ለጋዜጣ ግን ደሙ ነው።

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ስቶርም ሌክ የምትባል፣ ሕዝቧ ከ11 ሺህ ብዙም የማይበልጥ፣ በሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የምትተዳደር ከተማ አለች። ጆን ከለን እ.ኤ.አ. በ1990 «ስቶርም ሌክ ታይምስ»ን ጀመረ፤ ወንድሙ አርት አዘጋጅ ሆነ፣ የአርት ሚስት ፎቶ አንሺና ጸሐፊ፣ ልጁ ዘጋቢ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚወጣ የአንድ ቤት ሰዎች ጋዜጣ ነበር። አርት እ.ኤ.አ. በ2017 የፑሊትዘር ሽልማትን ያገኘው ወንዝ በማዳበሪያ በመበከሉ በተነሣ ክስ፣ የአካባቢው አስተዳደር የጠበቃ ወጪ ከማን ኪስ እንደሚከፈል ሳይታክት በመጠየቁ ነው። እንዲህ ያለውን ድፍረት የሚያቆመው ምንድን ነው ቢባል ከፊል መልሱ አሰልቺ ነው፦ በዚያ ግዛት የአካባቢ አስተዳደር ቃለ ጉባኤውንና ሕጋዊ ማስታወቂያውን በአካባቢው ጋዜጣ ማሳተም ግዴታው ነው። የከተማው ገንዘብ በከተማው ውስጥ ይዞራል፤ የሚነቀፈው አስተዳደርም ለነቃፊው ይከፍላል። በእኛ ሀገር አንድ የክልል ምክር ቤት እንዲህ ያለ ደንብ ቢያወጣ፣ ለአካባቢ ጋዜጣ አሥር ሥልጠና ከመስጠት የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ወሬ ግን ጋዜጣን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አፋር ወሬን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርስበት ሥርዓት ከማንኛውም ማተሚያ ይቀድማል። ዳጉን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ፦ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፣ ብዙውን ጊዜ ይቀመጣሉ። ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ከብቱ ታሟል ወይ፣ ገበያው ምን ይመስላል፣ ሰላም ነው ወይ፣ እንግዳ ሰው አይተሃል ወይ ይባላል። ተናጋሪው ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ይለያል፤ ከሰማም ከማን እንደሰማ ይናገራል። የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ የማድረስ ግዴታ አለበት። ዋሽቶ የተገኘ፣ ወይም ሊያደርስ የሚገባውን የደበቀ፣ በጎሳው ፊት ይጠየቃል። ልጅ ይህን የሚማረው ከሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ እያዳመጠ ነው። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ከዚህ የተለየ ብዙ አያስተምርም፤ ውሸት ለጻፈ ግን በጎሳ ፊት መቆምን የመሰለ ቅጣት የለውም።

ይሁንና ዳጉን ጋዜጣን የሚተካ አድርጎ ማወደስ አልወድም፤ እንዲህ የሚያወድሱት ብዙዎች ናቸውና። ዳጉ ሥራው የሚሰምረው ተናጋሪና ሰሚ በሚተዋወቁበት፣ ስም በሚያስጠይቅበት ቦታ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን የአፋር፣ የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የሱማሌ፣ የጉራጌ ሰው፣ የጅቡቲ ሹፌርና የባቡር ሠራተኛ የሚኖርባት ከተማ ናት። በቢሮ ውስጥ ስለተፈረመ ውል፣ ስለ በጀት፣ ስለ ጨረታ ከመንገደኛ መጠየቅ አይቻልም። ከዚህም ሌላ ዳጉ አይቀመጥም። የዛሬ ሃያ ዓመት ስለ ዝናቡ ምን እንደተባለ የሚያውቅ ሰነድ የለውም።

ክፍተቱ ምን ያህል እንደሆነ መሬት ራሷ አሳይታናለች። ከ2017 መስከረም ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ትንቀጠቀጥ ጀመር። በታኅሣሥ መንቀጥቀጡ በረታ፣ በዶፈን አካባቢ ከመሬት እንፋሎት ተፈናጠረ፤ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንዲለቅ ተደረገ። የአዲስ አበባ መገናኛ ብዙኃን መጡ፣ ዘገቡ፣ ሄዱ። ፌስቡክ ላይ እሳተ ገሞራ ፈነዳ የሚለውም አልፈነዳም የሚለውም እኩል ተሰራጨ። በየዕለቱ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነበር። የትኛው ቀበሌ ተመለሰ? እህል ስንት ኩንታል ገባ፣ ለስንት ሰው? የተሰነጠቀው ትምህርት ቤት መቼ ይከፈታል? ይህን ከሳምንት ሳምንት፣ ካሜራው ከሄደ በኋላም የሚጠይቅ፣ እዚያው የሚኖር፣ ነገ ገበያ ላይ ከተጠያቂው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ጋዜጣ ያስፈልግ ነበር። የቤተሰብ የከተማ ጋዜጣ ከባለሀብት ጋዜጣ የሚለየው በዚህ ነው፦ ባለቤቱ ከተማዋን ጥሎ አይሄድም።

እንዲህ ያለ ጋዜጣ በአዋሽ ሸለቆ ቢጀመር በሁለት ቋንቋ መሆን ይኖርበታል፤ በአፋርኛ በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ በግእዝ ፊደል። በየዕለቱ መውጣቱም በአንድ ጊዜ አይሆንም፤ «አዲስ ዘመን» ራሱ ከሳምንታዊ ወደ ዕለታዊ ለመድረስ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ከሁሉ በፊት ግን መኪናው ሸለቆው ውስጥ ይተከል። የትምህርት ቤት ደብተር፣ የሠርግ ካርድ፣ የቢሮ ቅጽ የሚያትም አንድ ነጋዴ ቤተሰብ ከትርፉ ቆንጥሮ ጋዜጣ ቢጀምር፣ በእርዳታ ገንዘብ ከተቋቋመ ጋዜጣ የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል። ዎልተርም በዚህ መንገድ ነው የጀመረው።

እስከዚያው የተወረሰው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ እሱም እየጠፋ ነው። ከ1985 እስከ 1998 ዓ.ም. የወጡት የግል ጋዜጦች ብዙዎቹ በሙሉ ስብስብ የትም አይገኙም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የተነበቡት ደግሞ ለስኳርና ለበርበሬ መጠቅለያ ሆነዋል። አንባቢ ሆይ፣ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ ወይም በሌላ የባቡር ከተማ የሚኖሩ ከሆነና በአባትዎ ሣጥን ውስጥ የቆየ ጋዜጣ ካለ፣ በአማርኛም ይሁን በፈረንሳይኛ፣ አንድ ቅጠልም ብትሆን አይጣሏት። ወደ ወመዘክር ወይም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይውሰዷት፤ ከየት እንደተገኘችና ማን ያነባት እንደነበር በጀርባዋ ሳይሆን በተለየ ወረቀት ጽፈው ያያይዙ።